ያረጁ ሎንቺናዎችና ባቡሮች ከብረታቸው በላይ ስለሚያወጡት ዋጋ

በየዓመቱ መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራና ከዚያም ወዲያ ወዳሉት የጉራጌ ከተሞች የሚነሣው መንገደኛ ለአጓጓዡ የዓመቱን ትልቅ ገበያ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ነጋዴ የለም። የመስቀል ዕለት ከአገሩ የሚቀር የጉራጌ ተወላጅ ጥቂት ነውና፣ ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ ለወላጆቹ የገዛውን ልብስና ልዩ ልዩ ዕቃ አስሮ ከነቤተ ሰቡ ይነሣል። በዚህ ሰሞን መንቀሳቀስ እየቻለ ቆሞ የሚውል መኪና የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩት ዘመናውያኑ አውቶቡሶች፣ ቅጥቅጦችና ሚኒባሶች ናቸው። በዕድሜ የገፉ የወልቂጤ ሰዎች ግን ስለ መስቀል ጉዞ ሲያወሩ የሚያነሡት ስም ሌላ ነው፤ ይኸውም ሎንቺና ነው።

ሎንቺና እየተባለ ይጠራ የነበረው የዱሮ አውቶቡስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የላሜራ አካል ተሠርቶለት፣ ከጣሪያው ፖርቶመጋላ፣ ከኋላው የብረት መሰላል የተገጠመለት፣ ወንበሩ ጠንካራ፣ ክላክሱ ከሩቅ የሚሰማ ተሽከርካሪ ነበር። ሰዉ ከውስጥ፣ ዕቃው ከላይ ይጫናል። ረዳቱ በመሰላሉ ወጥቶ ቅቤውን፣ ቆጮውን፣ ቡናውንና ዶሮውን ሳይቀር በየባለቤቱ ስም ለይቶ ያስራል። ለዚያ ዘመን ነጋዴ ሎንቺና የመንገደኛ ማጓጓዣ ብቻ ስላልነበረ፣ ዕቃ አድራሽም፣ መልእክተኛም፣ አንዳንድ ጊዜም ገንዘብ አቀባይ ሆኖ አገልግሏል።

እንዲህ ያለው መኪና አገልግሎቱን ሲጨርስ የሚደርስበት ዕጣ ለሁሉም የታወቀ ነው። አስቀድሞ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ይቆማል። ቀጥሎም የሚፈለገው ዕቃው አንድ በአንድ ይፈታል፤ ዛሬ ኩሽኔታው፣ ነገ ባሌስትራው፣ ከነገ ወዲያ መሪው ይሄዳል። በመጨረሻ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ነጋዴ መጥቶ የቀረውን በኪሎ ይዋዋላል፤ በእሳት ይቆራረጥና ወደ ማቅለጫ ተጭኖ ይሄዳል፤ ከዚያም የፎቅ ቤት ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ባለቤቱ ጓሮው ስለ ጸዳለት ደስ ይለዋል። ሒሳቡም ትክክል ይመስላል፤ የማይሠራ መኪና ቦታ ይዞ ከሚቀመጥ ጥቂት ብር ቢያስገባ ይሻላልና።

ነገር ግን በሌላው ዓለም ይህን ሒሳብ በሌላ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ከተነሡ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የንግዱ ማኅበረሰብ ይህን ጉዳይ ከሽማግሌ ትዝታ አሳልፎ እንደ ገበያ ጉዳይ ሊመለከተው የሚገባው ስለዚህ ነው።

የዚህ ነገር ዋና መነሻ እንግሊዝ አገር ነው። በሎንዶን ከተማ ከምድር በታች የሚሄደው ባቡር ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ሲሆን፣ በዓለም የመጀመሪያው እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ባቡሮቹ በእንፋሎት ይጎተቱ ስለ ነበር ዋሻው ሁሉ በጢስ የተሞላ ነበር። ይህ የምድር ባቡር 150ኛ ዓመቱን እ.ኤ.አ. በ2013 ባከበረ ጊዜ፣ በ1898 የተሠራ አንድ የእንፋሎት ሞተር ተጠግኖ፣ ያረጁ የእንጨት ፉርጎዎችን እየጎተተ በዚያው ዋሻ ውስጥ እንደ ገና ተመላልሷል። ሰው ጢሱን ለማሽተት ገንዘብ ከፍሎ ተሳፈረ። በ1863 የነበሩት መንገደኞች ይህን ቢሰሙ በሳቁ ነበር።

ከእነዚህ ባቡሮች መካከል አፍቃሪ የበዛለት በ1938 የተነደፈው ቀይ ባቡር ነው። ይህ ባቡር በሎንዶን እስከ 1988 ድረስ ለ50 ዓመታት ሠርቷል። በጡረታ ጊዜውም አንዳንዶቹ ፉርጎዎች ዋይት ደሴት ወደምትባል የእንግሊዝ ደሴት ተልከው እስከ ጥር 2021 ድረስ መንገደኛ ሲያመላልሱ ቆይተዋል። ወደዚያ የተላኩበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በደሴቲቱ ያለው ዋሻ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ተራ ባቡር አያሳልፍም፤ የሎንዶኑ ባቡር ግን ቁመቱ አጭር ነው። ከ80 ዓመት በላይ ያገለገለ ባቡር እንግዲህ ይህ ነው። አፍቃሪዎቹ ስለ ሞተሩ ድምፅ፣ ስለ መብራቱ ቅርጽ፣ ስለ ወንበሩ ጨርቅ አበባ ሳይቀር ለሰዓታት ይከራከራሉ። ይህ ክርክር ለሌላው ሰው ከንቱ ቢመስልም፣ የወንበሩን ጨርቅ የትራስ ልብስ አድርጎ የሚሸጠው የከተማው የትራንስፖርት ቤተ መዘክር ግን እንደ ከንቱ አልቈጠረውም።

አውቶቡሱም እንዲሁ ነው። ሩትማስተር የሚባለው የሎንዶን ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡስ በጠቅላላው 2,876 ተሠርቷል። አካሉ ከአሉሚኒየም ነው፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም ታስቦ ስለ ተሠራ፣ በትልቅ ጋራዥ እየተፈታና እየተገጠመ ከታሰበለት ዕድሜ እጅግ አልፎ ሠርቷል። ከመደበኛ ሥራ የወጣው ታኅሣሥ 9 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አያሌዎቹ እንደ እኛው አገር አውቶቡስ ተቆራርጠው በኪሎ ተሸጠው ነበር። የቀሩት ግን ለሠርግ የሚከራዩ፣ አገር ጎብኚ የሚያዞሩ፣ ቡናና ሻይ የሚሸጥባቸው ሆኑ። ዛሬም ከ1,000 የሚበልጡት በየስፍራው እንዳሉ ይነገራል። ቆራጩ ቀድሞ የደረሰባቸው ባለቤቶች ያገኙት የብረት ዋጋ ሲሆን፣ ጥቂት ዓመት የታገሡት ግን የአውቶቡስ ዋጋ አግኝተዋል።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው። ያገለገለ መኪና ዋጋው ከዓመት ወደ ዓመት እየወረደ ሄዶ አንድ ጊዜ ከታች ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ሲያልቁ፣ የቀረው አንድ እንደ ገና መውጣት ይጀምራል። በመውረዱና በመውጣቱ መካከል ያለው ጊዜ 20 ወይም 30 ዓመት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መኪናውን የሚጠብቀው ገበያ ስለሌለ፣ ወይ ፍቅር ያለው ሰው ወይ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ይጠብቀዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1951 ታሊሊን የሚባለውን የዌልስ ትንሽ የባቡር መሥመር ከመዘጋት ያዳኑት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ፈቃደኞች ነበሩ። ብዙዎች ሞኝነት ነው ብለዋቸው ነበር። ዛሬ በዚያ አገር በፈቃደኞች የሚንቀሳቀሱት የባቡር መሥመሮች ለየአካባቢው ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ባለ ሱቅ ገበያ የሚያመጡ ሆነዋል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው ይል ይሆናል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን የኩባን ከተማ ሀቫናን መመልከት ይጠቅማል። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ስለ ተቋረጠ፣ ኩባውያን በ1950ዎቹ የገቡትን የአሜሪካ አውቶሞቢሎች ሞተራቸውን እየለወጡ፣ ዕቃውን በእጃቸው እየሠሩ ይዘው ቆዩ። ይህን ያደረጉት ሌላ መኪና ስላልነበራቸው ነው። ከጊዜ በኋላ ግን በእነዚያው መኪኖች ለመሳፈር ብሎ ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ በዛ። ችግር ያቆየው ዕቃ ገቢ ማስገኛ ሆነ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሾፌርና መካኒክም መኪናን በችግር ማቆየት ከማንም ተምሮት አያውቅም፤ ያደገበት ነው።

ከዚህም ቀረብ ያለ ምሳሌ በአሥመራ ይገኛል። ከምጽዋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1911 አሥመራ የደረሰው ባቡር በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቃቅሎ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹም 70ና 80 ዓመት የሞላቸው፣ ወደ ሥራቸው ተጠርተው ሐዲዱን መልሰው ዘረጉት፤ በ1938 በኢጣሊያ የተሠሩትን የእንፋሎት ሞተሮችና ሊቶሪና የምትባለውን የፊያት ባቡር አስነሡ፤ በ2003 መሥመሩ እንደ ገና አሥመራ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጡ የባቡር አፍቃሪዎች ባቡሩን ተከራይተው በየኩርባው እያስቆሙ ፎቶግራፍ አንሥተውታል። እነዚያ ሽማግሌዎች ባይኖሩ ኖሮ ሞተሮቹ ብቻቸውን ምንም እንደማይሠሩ ልብ ማለት ይገባል።

ወደ ራሳችን ባቡር ስንመለስ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ የኢትዮጵያን የውጭ ንግድ ለብዙ ዘመን እንደ ተሸከመ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር ቀባሪን ማርዳት ነው። ቡናውና ቆዳው በእርሱ ወጣ፤ አቡጀዲው፣ ነጭ ጋዙና ቆርቆሮው በእርሱ ገባ። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጣቢያ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ይባል ስለ ነበር ሰፈሩ ለገሃር ተብሎ ቀረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ዳር፣ በለቡ በኩል ሆነ፤ የሚኒባሱ ረዳት ግን ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ስሙ መንገደኛ እየጫነ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎዎች በለገሃር፣ አሮጌዎቹ ሞተሮችና ፉርጎዎች ከነሙሉ ጋራዡ በድሬ ዳዋ ተጠብቀው ስለ ቆዩ፣ ከሩቅ አገር ይህን ለማየት የሚመጣ ሰው አልጠፋም። የድሬ ዳዋው ጋራዥ በተለይ የሚደነቅ ነው። ከፈረንሳይ ይመጣ የነበረው መለዋወጫ ሲቋረጥ፣ ሠራተኞቹ የጎደለውን ራሳቸው በቶርኖ እየቀረጹ ባቡሩን ለዓመታት አሠርተውታል። ይህ ችሎታ በመጽሐፍ የተጻፈ ስላልሆነ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ባቡሩ ሐዲድና ኩባንያ ስለ ነበረው፣ መጥፎም ሆነ ደግ ጠባቂ አላጣም። ሎንቺናው ግን የግለሰብ ንብረት ነበር። የሚጠብቀው ኩባንያም፣ የሚመዘግበው ቤተ መዘክርም አልነበረውም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የጠፋው እርሱ ነው።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች። ይህ መንገድ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ተሠርቶ፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ ከጠገናቸው አውራ ጎዳናዎች አንዱ ነው፤ የጅማ ቡና ወደ ባቡር ጣቢያ የሚደርሰው በእርሱ ነበርና። ከወልቂጤ ወዲያ ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርደው ቁልቁለትና ከማዶ የሚጠብቀው ዳገት የፍሬንና የራዲያቶሬ መፈተኛ ስለ ነበር፣ አርቆ አሳቢ ሾፌር ከከተማው ሳይወጣ ውኃውን ይሞላል፤ ጎማውን ያስመታል፤ ምሳውንም በልቶ ይነሣል። የወልቂጤ ጎሚስታ፣ ምግብ ቤትና ባለ ሱቅ ከዚህ ኖሯል።

ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ ያለው አገር ግን መንገድ አልነበረውም። ይህን የለወጠው ሕዝቡ ራሱ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች ከአገር ቤት ወገኖቻቸው ጋር ተባብረው፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ከአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ጋር እየተረዳዱ ከወልቂጤ በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና የሚያልፈውን መንገድ አስከፈቱ። በሌላው ወገን ደግሞ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው መንገድ በተመሳሳይ የሕዝብ መዋጮ ተጀመረ። ሊስትሮው፣ ባለ ሱቁ፣ ልብስ ሰፊውና ጅምላ ነጋዴው እንዳቅማቸው የከፈሉበት መንገድ ነው። ከዚያ በፊት በሰው ጫንቃና በአጋሰስ ጀርባ ይሄድ የነበረው ቆጮ፣ ቅቤና የባሕር ዛፍ አጠና በመኪና መጓዝ ጀመረ፤ በመልሱም ጨው፣ ነጭ ጋዝ፣ አቡጀዲና የቤት ክዳን ቆርቆሮ ገባ።

በዚያ መንገድ ላይ መጀመሪያ የሄዱት መኪኖች እንግዲህ የመንገዱ ምስክሮች ናቸው። መንገዱ ራሱ ተለውጧል፤ ኮረኮንቹ አስፋልት ሆኗል፤ ድልድዩ ታድሷል። ሰዎቹም አብዛኞቹ አልፈዋል። አንድ ልጅ አያቱ ያዋጡት ገንዘብ ምን እንዳመጣ በእጁ ነክቶ እንዲያውቅ ቢፈለግ፣ ከአንድ አሮጌ ሎንቺና የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። እንዲህ ያለው ሎንቺና ግን በየመንገዱ ዳር ፈልጎ ማግኘት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል።

የመኪኖቹ ስም እንኳ በሾፌሮች አፍ ከአካላቸው የተሻለ ዕድሜ አግኝቷል። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተሠራው ፊያት 634 መጨረሻ ቁጥሮች ነው፤ ኤንትሬ የተባለው ደግሞ በ1952 ፊያት መሥራት ከጀመረው 682 ወገን ኤን 3 የተሰኘው ነው። የጋራዡ ቋንቋ በሙሉ የኢጣሊያንኛ ቅርስ ነው፤ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ከመነዳሪ ሳይባል የሚፈታ መኪና የለም። የጃፓን መኪና የሚጠግን ወጣት መካኒክ እነዚህን ቃላት ሲናገር አያቶቹ ከየትኛው መኪና ሥር ተኝተው እንደ ተማሯቸው አያውቅም ይሆናል።

በአገራችን አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው የለም ማለትም ስሕተት ነው። በአዲስ አበባ የቮልስዋገን አፍቃሪዎች መኪኖቻቸውን አዲስ ቀለም እየቀቡ፣ ወንበሩን እያሰፉ፣ ሞተሩን እያደሱ እንደሚይዙና ዋጋውም ከዱሮው እጅግ እንደ ወጣ የታወቀ ነው። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ ከእንግዲህ አዲስ አይመጣም። ደግሞም ይህች ትንሽ መኪና በኢትዮጵያ ታሪክ የራስዋ ገጽ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን ነበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው የፊያት ሴይቼንቶ ታክሲ፣ መንገደኞች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለሚጫወቱባት ውይይት የተባለችው መኪና፣ ቀይና ቢጫው የአንበሳ አውቶቡስም እንዲሁ የሚናፍቃቸው አላጡም። ነገር ግን ቮልስን በቤት ጓሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አውቶቡስን የሚያስገባ በር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሰፊ ግቢ፣ መጋዘንና ከባድ በር ያለው ደግሞ ነጋዴው ነው።

የአስመጪዎችን ጉዳይ በተመለከተ ሁለት ነገር መታወስ አለበት። ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉ ተነግሯል። የእነዚህን ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ለአሮጌ መኪና ያላቸው ትርጉም ግን ግልጽ ነው፤ ከውጭ ሌላ አሮጌ መኪና አምጥቶ የጠፋውን መተካት እጅግ ከባድ ሆኗል ማለት ነው። በአገር ውስጥ ያለው ቍጥር የመጨረሻው ቍጥር ነው፤ ከእርሱ ላይ የሚቀነስ እንጂ የሚጨመር አይኖርም። በሶማሌ ተራ መደርደሪያ ላይ፣ ጨርሶ ገዢ የለውም ተብሎ ከነካርቶኑ የቀረ የፊያት ዕቃ ያለው ነጋዴም ከመጣሉ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ቢያስብ ይበጀዋል።

ላኪዎችም ቢሆኑ ከጥንቃቄ ጋር ነው። አሮጌ መኪና የሚፈልግ የውጭ ገዢ አይጠፋም፤ የሚከፍለውም ከቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ላይሆን ይችላል። ሆኖም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ የሆነ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል። ለአገር ታሪክ ምስክር የሆነ ተሽከርካሪ ከዚህ ውስጥ ይቈጠር እንደ ሆነና እንዳልሆነ አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ፣ ኋላ በጉምሩክ በር ከመቆም ይሻላል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ አንድ ብቻ የቀረን ዕቃ ሸጦ በኋላ ለማየት ወደ ውጭ አገር ቤተ መዘክር መሄድ ደስ የሚል ንግድ አይደለም።

ያረጀ አውቶቡስን ማፍቀር ማለት ግን ያረጀ አውቶቡስ ሰው ጭኖ በአውራ ጎዳና ይሂድ ማለት አይደለም። ፍሬኑ የደከመ፣ ሻንሲው የበሰበሰ መኪና በግቤ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርስ የወልቂጤ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዓመታዊ ምርመራውን የማያልፍ፣ ቦሎ የማይለጠፍለት መኪና ቦታው ጣሪያ ያለው መጠለያ ነው። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን የሚወደደው ባቡር በዓመት ጥቂት ቀን ይንቀሳቀሳል፤ የቀረውን ጊዜ ሰው በዙሪያው እየዞረ ይመለከተዋል። ደግሞም ያረጀ ሁሉ አይቀመጥም። ከአሥር አንድ ዓይነት አውቶቡሶች አንዱ፣ እርሱም አካሉ ያልተበላሸው፣ ቢተርፍ በቂ ነው፤ የዘጠኙ ዕቃ ለአንዱ መለዋወጫ ይሆናል።

ማስቀመጡ የሚጠይቀው ወጪ ከሚታሰበው ያንሳል። የላሜራ አካል ጠላቱ ዝናብ ነው። የወልቂጤ ክረምት ደግሞ ረጅም ስለ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ነው። መኪናው በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ ከፍ ተደርጎ ከጎማው ሸክም ይወርዳል፤ ከራዲያቶሬው ውኃው፣ ከነዳጅ ቋቱ ናፍጣው ይፈስሳል፤ ባትሪው ይነሣል። አይጥ የወንበሩን ጥጥ እንዳትበላ መስኮቱ ይዘጋል። ቀለሙን ግን በችኮላ አዲስ መቀባት አያስፈልግም። በብሩሽ የተጻፈው የባለቤቱ ስም፣ የመሥመሩ ስም፣ ከኋላ የተጻፈው ጥቅስ ሁሉ ከመኪናው አካል የሚቈጠር ነው፤ አንድ ጊዜ በአዲስ ቀለም ከተሸፈነ ተመልሶ አይገኝም። የሎንዶን አፍቃሪዎች ከአውቶቡሱ ፊት የሚንጠለጠለውን የመሥመር ስም የተጻፈበትን ጨርቅ ብቻውን በጨረታ ይገዙታል።

ከመኪናው ይልቅ በቀላሉ የሚጠፋው ወረቀቱ ነው። በብዙ የነጋዴ ቤት ሣጥን ውስጥ የአባት ሊብሬ፣ የትኬት ጉርድ፣ የጭነት ደረሰኝ፣ የመንገድ መዋጮ ደረሰኝ፣ ከሎንቺናው ፊት ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ይገኛል። ቤት ሲፈርስ ወይም ውርስ ሲካፈል ይህ ሁሉ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። መኪናው የማን እንደ ነበር፣ በስንት ብር እንደ ተገዛ፣ በየትኛው ዓመት በየትኛው መሥመር እንደ ሠራ የሚናገረው ግን ይህ ወረቀት ነው። ወረቀት ያለው አሮጌ መኪናና ወረቀት የሌለው አሮጌ መኪና በየትኛውም አገር ገበያ አንድ ዋጋ አያወጡም።

በወልቂጤ ከተማ ግቢው የሰፋ ሆቴል፣ ጉብሬ ላይ መካኒኮችን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌሮችና ላሜራ ቀጥቃጮች አሉ። ባለ ሆቴሉ የመስቀል እንግዳ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ነገር ይፈልጋል፤ ተማሪው የሚፈታው ሞተር ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ሾፌርም የሚያዳምጠው አላገኘም። እነዚህን የሚያገናኘው አንድ ሎንቺና ሲሆን፣ ከየትኛው ጋራዥ ጓሮ ውስጥ እንደ ቆመ የሚያውቁት ምናልባት በየቀኑ በዚያ የሚያልፉት ቁራሌዎች ብቻ ናቸው። እነርሱም ሚዛናቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።